መንገዱ ሲቀል ተሳላሚው ለምን በዛ?

እ.ኤ.አ. 2025 ለተሳላሚ የተለየ ዓመት ነበር። በህንዷ ፕራያግራጅ ከጃንዋሪ 13 እስከ ፌብሩዋሪ 26 በቆየው የሂንዱዎች በዓል፣ በማሃ ኩምብ ሜላ፣ ከ660 ሚሊዮን በላይ ምዕመን በወንዙ ታጠበ ሲል የክልሉ መንግሥት አስታወቀ። ቫቲካን በኢዮቤልዩ ዓመቷ ከ30 ሚሊዮን በላይ ተሳላሚ ሮም ገብቷል አለች። በስፔን ወደ ሳንቲያጎ ከተማ የሚወስደውን የክርስቲያኖች የተሳላሚ መንገድ ጨርሰው የምስክር ወረቀት የተቀበሉ ሰዎች ከ500,000 በለጡ። መካ ደግሞ 1.67 ሚሊዮን ያህል ሑጃጅ አስተናገደች።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ቅዳሴውንም የሐረሙን ሶላትም ከሶፋው ሳይነሳ በስልኩ ማየት በሚችል ትውልድ ዘመን ነው። ስለዚህ በማኅበራዊ ሚዲያውም በቡናው ላይም ጥያቄው ይነሳል። ፈጣሪ በሁሉም ቦታ ካለ፣ ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ፣ እግሩ እስኪያብጥ የሚሄደው ለምንድን ነው?

ቶሎ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው "ዓለም ወደ ሃይማኖት እየተመለሰ ነው" ይላል። ሁለተኛው "የሃይማኖት ስም የያዘ ቱሪዝም ነው" ይላል። ሁለቱም የተወሰነ እውነት አላቸው፤ ዋናውን ነገር ግን ይስቱታል። መንፈሳዊ ጉዞን ዘመን ያሻገረው ድካሙ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ወዶ የሚገባበት፣ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚካፈለው ድካም። ይህ ካልገባን ከመንገዱ ላይ የትኛውን ችግር ማንሳት፣ የትኛውን መተው እንዳለብን አናውቅም። አለማወቃችን ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት "ዓ.ም." ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

የኩምብ ሜላው 660 ሚሊዮን የጉብኝት ድምር ግምት ነው። ሦስት ቀን ወንዝ የወረደ ሰው ሦስት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። ቢሆንም ግማሹንም ሩቡንም ብንወስድ በሰው ልጅ ታሪክ ትልቁ ስብሰባ ከሚባሉት ውስጥ መሆኑ አይቀርም።

የሐጅ ቁጥር ከዚህ ይሻላል፤ ምክንያቱም ፈቃድና ቪዛ አለው። ግን የፍላጎት መለኪያ አይሆንም። በ2012 ሑጃጁ ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2025 ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። ሕዝበ ሙስሊሙ ሐጅን ስለሰለቸ አይደለም። ዋጋው ንሯል፣ ያለ ፈቃድ መግባትም ጠብቋል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለየአገሩ ኮታ አለ፤ በግምት ከ1,000 ሙስሊም ለ1 ሰው። በኢንዶኔዥያ ዛሬ የተመዘገበ ሰው በብዙ አካባቢዎች ከ20 ዓመት በላይ ወረፋ ይጠብቃል። ወጣት ሆኖ ተመዝግቦ በሽምግልናው ይሄዳል ማለት ነው። ሰልፉ ይህን ያህል እየረዘመ የገባው ሰው ብቻ ቢቆጠር ናፍቆቱ አይታይም።

ትራንስፖርት ትልቅ ድርሻ እንዳለው አይካድም። ድሮ ከጎንደር ተነስቶ ኢየሩሳሌም መድረስ በረሃ ማቋረጥን የሚጠይቅ የወራት ጉዞ ነበር። መንገድ ላይ የቀረው ብዙ ነው። የተመለሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ይከበር ነበር። ዛሬ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የጥቂት ሰዓት ጉዳይ ነው። ሐጅም በእንፋሎት መርከብ፣ በ1869 በተከፈተው የስዌዝ ቦይ፣ በኋላም በአውሮፕላን እየቀለለ መጥቷል።

ምቾት ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ ግን የሳንቲያጎ ነገር አይገባንም። ከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያም ባቡርም አላት። የምስክር ወረቀቱ ግን ቢያንስ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግር ለሄደ፣ ወይም 200 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ለመጣ ሰው ነው የሚሰጠው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ወረቀቱን የሚወስዱት በዓመት ከ3,000 አይበልጡም ነበር። በዚያ ወቅት ኤልያስ ቫሊኛ የተባሉ የኦ ሴብሬሮ መንደር ቄስ ቢጫ ቀለም ይዘው በየድንጋዩና በየግድግዳው ላይ ቀስት ይስሉ ጀመር። መንገደኛው እንዳይጠፋ ነው። መንገዱን አላሳጠሩትም፤ ዳገቱንም አላስተካከሉም። አቅጣጫ ብቻ አሳዩ። በ40 ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከ150 እጥፍ በላይ አደገ። አውሮፕላን መሳፈር የሚችል ሰው ፈልጎ በእግሩ ሄደ። "ስለቀለለ በዛ" የሚለው ማብራሪያ እዚህ ላይ ያቆማል።

ከቤቱ የወጣ፣ ገና ያልደረሰ

የሥነ ሰብ ተመራማሪዎች ለዚህ ሁለት ቃል አላቸው። የመጀመሪያው ሊሚናሊቲ ነው። ሰው ከቀድሞ ቦታው ወጥቶ አዲሱ ላይ ሳይደርስ የሚቆይበት የመሸጋገሪያ ሁኔታ ማለት ነው። ሐሳቡን አርኖልድ ቫን ጌኔፕ በ1909 አነሳው፤ ቪክተር ተርነርና ባለቤቱ ኢዲት ተርነር በ1970ዎቹ ወደ መንፈሳዊ ጉዞ አመጡት። ሁለተኛው ኮሚዩኒታስ ነው። በዚያ መሸጋገሪያ ላይ ያሉ ሰዎች ማዕረጋቸውን ጥለው እንደ እኩያ የሚተያዩበት ስሜት ነው።

የሐጅ ልብስና ሥርዓት የሆነውን ኢሕራምን እንይ። ወንዱ ሐጃጅ ሁለት ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ ይለብሳል። አንዱን ያገለድማል፣ ሌላውን ትከሻው ላይ ያደርጋል። ሽቶ አይቀባም፣ ጸጉሩን አይቆርጥም፣ አይጣላም። ባለ ፋብሪካውና ዘበኛው ጎን ለጎን ቢቆሙ በልብስ አይለዩም። የአሜሪካው ማልኮም ኤክስ በ1964 ከሐጅ ሲመለስ ስለ ነጮች የነበረውን አቋም የለወጠው ይህ ነበር፤ ከሰማያዊ ዓይን ሰዎች ጋር ከአንድ ሳህን መብላቱን በደብዳቤ ጻፈ።

በኢራቅ ከነጀፍ እስከ ካርበላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኢማም ሑሴን አርባኛ ቀን መታሰቢያ በሆነው በአርበዒን ሰሞን የሺዓ ሙስሊሞች በእግር ይሄዱታል። ግራና ቀኙ በድንኳን ይሞላል። ምግብ፣ ሻይ፣ መኝታ፣ የደከመ እግር ማሸት፣ ሁሉም በነጻ ነው። አስተናጋጁ ገበሬና ባለሱቅ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ያወጣል። እኛም ጋ ለልደት ወደ ላሊበላ ለሚመጣው መንገደኛ እግር ማጠብና ምግብ ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው። ድካም ባይኖር የሚታጠብ እግር አይኖርም ነበር።

ይህን ሐሳብ ሁሉም አልተቀበለውም። በ1991 ጆን ኢድና ማይክል ሳልኖው የተባሉ ምሁራን "ሰው ወደ ቅዱሱ ቦታ ሲሄድ ሀብቱንም ጠቡንም ይዞ ነው" አሉ። ቦታው በእነሱ ዓይን የተለያዩ ፍላጎቶች የሚፋለሙበት መድረክ ነው። ማስረጃም አይጠፋም። መካ ውስጥ ካዕባን ቁልቁል የሚያሳይ የሆቴል ክፍልና ከከተማ ዳር ያለ የጋራ መኝታ በአንድ ሐጅ ውስጥ ይገኛሉ። በኢየሩሳሌም በመቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለው ዴር ሱልጣን ገዳም በእኛና በግብፅ ኮፕቶች መካከል ስንት ዘመን እንዳጨቃጨቀ የምናውቀው ነው።

ሁለቱን ወገኖች ሳስታርቃቸው እኩልነቱ የሚታየው ድካሙ የጋራ በሆነበት ሰዓት ነው እላለሁ። በዓረፋ ሜዳ ላይ፣ በዳገቱ ላይ፣ በሰልፉ ውስጥ። ገንዘብ ድካሙን በገዛበት ቦታ ሁሉ ልዩነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ኮሚዩኒታስ ቦታው በራሱ የሚሰጠው ጸጋ አይደለም፤ አብሮ በመልፋት ይመጣል።

ልፋቱ ሲለካ

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል፣ የተለኩ ነገሮች አሉ።

በጣም የሚገርመኝ በ2009 የታተመው የፓኪስታን ጥናት ነው። መንግሥት የሐጅ ቪዛውን በዕጣ ያከፋፍል ነበር። ተመራማሪዎቹ በ2006 ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን አመልካቾች አነጻጸሩ። ሁለቱም ወገን መሄድ ፈልጓል፤ የለያቸው ዕጣ ብቻ ነው። ከሐጅ የተመለሱት በሶላትና በጾም በርትተው ተገኙ። ለሌሎች ብሔሮችና የእስልምና ክፍሎች ያላቸው አመለካከት ለዘብ አለ። ለሴት ልጆች ትምህርትም የተሻለ ድጋፍ ሰጡ። ለሌላ እምነት ተከታይ ጥላቻ ጨምሮባቸው አልተገኘም። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ስለነበር ውጤቱ ትልቅ ነው። በአካላዊ ጤና በኩል ግን ጉዞው እንደጎዳቸው የተናገሩ ነበሩ። ለውጡን ያመጣው ከሌላ አገር ሰው ጋር አብሮ መንከራተቱ ይመስላል፤ ስብከቱንማ አገራቸውም ይሰሙታል።

በህንድም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በጋንጀስ ዳር አንድ ወር በድንኳን የሚቀመጡ፣ በብርድ በቀን ሁለት ጊዜ ወንዝ የሚወርዱ፣ በቀን አንዴ የሚበሉ ምዕመናን አሉ። በ2012 የወጣ ጥናት እነዚህን ከመንደራቸው ካልወጡ ጎረቤቶቻቸው ጋር አወዳደረ። ጫጫታውና ብርዱ እንዳለ ሆኖ፣ ሄደው የተመለሱት በደኅንነት ስሜታቸው ተሽለው ተገኙ። በሞሪሺየስ ደግሞ በ2013 በታተመ ጥናት፣ ሰውነታቸውን በመርፌ ወግተው ረጅም መንገድ ከሚሄዱ የታሚል ሂንዱዎች መካከል ሕመሙ የበረታባቸው ለጋራ ጉዳይ የሰጡት ገንዘብ ከሌሎቹ በልጧል።

አጥኚዎች ይህን "ውድ ምልክት" ይሉታል። ብዙ የሚያስከፍል ድርጊት የሰውየውን እውነተኛነት ለሌሎች ያሳያል፤ ስለዚህ መተማመን ይፈጥራል ማለት ነው። ማብራሪያው ጠቃሚ ነው፤ ግን ሙሉ አይመስለኝም። በሌሊት ማንም ሳያየው በጃፓን ሺኮኩ ደሴት ከ88ቱ ቤተ መቅደሶች ወደ አንዱ ብቻውን የሚራመድ ሰው ለማን ምልክት እያሳየ ነው? ዙሩ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለራሱና ለፈጣሪው የሚያሳየው ነገር አለ። እሱን መለኪያ አይደርስበትም።

ስለት፦ በየዓመቱ የሚመልሰው ውል

የስለትን አሠራር ሳይረዱ ቁልቢን መረዳት አይቻልም። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ራስ መኮንን ከአድዋ ጋር አያይዘው የተሳሉት ስለት ፍሬ እንደሆነ ይነገራል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ዳገቱን የሚወጣውን ሕዝብ ብናይ፣ ድንጋይ የተሸከመ፣ በጉልበቱ የሚድህ፣ ጃንጥላ ወይም ጧፍ የያዘ፣ "ገብርኤል ሰጠኝ" ያለችውን ልጅ ያዘለች እናት አለች። ሙስሊም ስለት አስገቢም አይጠፋም። በባሌ ድሬ ሼህ ሁሴንም ቢሆን ባላ የሚመስል በትራቸውን ይዘው፣ እያዜሙ ከአርሲና ከሐረርጌ በእግር የሚመጡት ዘያሪዎች ጉዳይ በአብዛኛው ይኸው ነው። ዝናብ፣ ልጅ፣ ጤና፣ ምስጋና።

ስለት ሁለት ጉዞ ይፈጥራል። አንዱ ለልመና፣ ሌላው ለመክፈል። የተሳለ ሰው ቢረሳ ቤተሰቡ ያስታውሰዋል። ስለቱ የሰመረለት ደግሞ አይቶ ዝም አይልም፤ ለጎረቤቱ ይናገራል፣ ጎረቤቱም ይሳላል። ቦታው በዚህ ሰንሰለት ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሰመረለት ተመልሶ ይመጣል፤ ያልሰመረለት ቤቱ ይቀራል። ስለዚህ በቦታው የምንሰማው ምስክርነት ሁልጊዜ የአንድ ወገን ነው። በሽተኞች ለፈውስ በሚሄዱባት በፈረንሳይ ሉርድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህን ስላወቀች ከ1880ዎቹ ጀምሮ የሐኪሞች ቢሮ አቋቁማ ፈውሶችን ታስመረምራለች። ወደ 7,000 ከሚጠጉ የተመዘገቡ ፈውሶች በይፋ ተአምር የተባሉት ከ70 ጥቂት ቢበልጡ ነው። የሚደንቀው ይህ ጥብቅ ምርመራ ሉርድን ባዶ አለማድረጉ ነው። በሽተኛው አሁንም በዊልቼር ይመጣል። ፈውስ ባያገኝ እንኳ በሽተኛ ቀዳሚ ክብር የሚሰጠው ቦታ ያገኛል። በሥራ ቦታውና በመንገድ ላይ ይህን አያገኝም።

ለእኛም የሚሆን ነገር አለው። ጠበል ቦታ ሄዶ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ታሪክ በየሰፈሩ ይሰማል። ጸሎቱና ኪኒኑ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ብዙ አባቶች ይመክራሉ። ምክሩ ከቦታው አስተናጋጆች አፍ በየቀኑ ሊሰማ ይገባል።

"ቦታ መቀየር ወደ እግዚአብሔር አያቀርብም"

መንፈሳዊ ጉዞን የሚነቅፉት ዓለማውያን ብቻ አይደሉም። ከባዱ ነቀፋ የመጣው ከምዕመናን ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ኢየሩሳሌምን አይቶ ከተመለሰ በኋላ፣ የቦታ ለውጥ ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ ጻፈ። ማርቲን ሉተር በ1520 ሚስትና ልጆቹን አስርቦ ሮም የሚሄደውን ሰው ወቀሰ። በእስልምናም ወደ ወልዮች መቃብር የሚደረገው ዚያራ ሱፊያውያንንና ሰለፊያውያንን የሚያከራክር ጉዳይ ነው። አንዱ ወገን መታሰቢያና በረካ ይለዋል። ሌላው ከአላህ በቀር ሌላን መለመን እንዳይሆን ይሰጋል።

ነቀፋው ቀላል አይደለም። ለልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠ ገንዘብ ለጉዞ ሲወጣ ሉተር የተናገረው ዛሬም ይሠራል። ሐጅም ራሱ አቅም ለሌለው ግዴታ አይደለም። ግን የእገዳ ታሪክ ሌላ ነገር ያሳያል። የእንግሊዙ ሄንሪ 8ኛ በ1538 የካንተርበሪውንና የዎልሲንግሃሙን ቅዱስ ስፍራ አፈረሰ። ዎልሲንግሃም ከ350 ዓመት በኋላ እንደገና ተሳላሚ ማየት ጀመረ። ሳዳም ሁሴን የካርበላውን የእግር ጉዞ አፈነ። በ2003 ሲወድቅ ሕዝቡ በሳምንታት ውስጥ መንገዱን ሞላው፤ አሁን በይፋ የሚነገረው ቁጥር ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን ስግድ ነው። ቤተ እስራኤሎች ጎንደር ውስጥ ከአስተሥርዮ 50 ቀን በኋላ ተራራ ይወጡ ነበር። ጾመው፣ አንዳንዱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ቄሶቹ ኦሪት እያነበቡ፣ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው እንዲመለሱ ይለምኑ ነበር። ከ1984 ጀምሮ በተደረጉት ትልልቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ እስራኤል ገቡ። ልመናው ተሰማ። ታዲያ ስግድ ለምን አልቀረም? ዛሬ ኢየሩሳሌም ውስጥ ራሷ ከተማዋን ቁልቁል በሚያሳይ ኮረብታ ላይ፣ ቄሶቹ ባለ ጥልፍ ጃንጥላ ተይዞላቸው ይከበራል። በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። የተመኙት ቦታ ከደረሱ በኋላም መውጣቱን አልተዉትም። ለአዲሱ ትውልድ፣ በተለይም በቆዳው ቀለም ምክንያት "አንተ ከየት ነህ?" ለሚባለው ወጣት፣ አያቶቹ በምን እንደኖሩ የሚያይበት ቀን ነው። መዳረሻው ተገኝቶም ጉዞው ሥራ አላጣም።

ድካም ሌላ፣ አደጋ ሌላ

ድካሙ ዋናው ነገር ነው ካልን አንድ አደገኛ ድምዳሜ ይከተላል፦ "እንግዲያው ሰው ቢጎዳም የጉዞው ባሕርይ ነው።" ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ድካም ሰው መርጦ የሚሸከመው ነው። አደጋ ግን ሌላው ሳይሠራው በቀረ ሥራ የሚመጣ ነው። በየአደጋው ማግስት "የፈጣሪ ፈቃድ ነው" ሲባል የሚጠየቅ ሰው ይጠፋል።

በ2024 ሐጅ 1,301 ሰው ሞተ። በታላቁ መስጊድ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት ከሟቾቹ 83 በመቶው ፈቃድ ያልነበራቸው እንደሆኑ ገለጸ። ቁልፉ ያለው እዚህ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው የቀዘቀዘ ድንኳን አይገባም፣ አውቶቡስ አይሳፈርም፣ ፍተሻ ሲያይ ይሸሻል። ወደዚያ የከተተው ወረፋው፣ ዋጋውና የጉብኝት ቪዛ ሸጦ "ችግር የለም" ያለው ደላላ ነው። ግብፅ ከዚያ በኋላ የ16 የጉዞ ወኪሎችን ፈቃድ ነጠቀች።

አደጋ በሥራ እንደሚቀንስም ማስረጃ አለ። በመካ አጠገብ ባለችው ሚና፣ ሑጃጅ ጠጠር በሚወረውሩበት ድልድይ ላይ በ2006 ከ340 በላይ ሰው በመረጋገጥ ሞቷል። ድልድዩ ፈርሶ ባለ ብዙ ፎቅ ሆነ፤ መግቢያና መውጫው ተለየ። ድልድዩ ላይ እንዲህ ያለ መረጋገጥ አልተደገመም። በ2015 ግን ወደ ድልድዩ በሚወስድ ጎዳና ላይ ሁለት ሰልፍ ተገናኘ። የሳዑዲ ይፋዊ ቁጥር 769 ነው፤ የየአገሩ መግለጫ ሲደመር ከ2,400 ያልፋል። በ2021 አይሁድ በሚሳለሙበት በእስራኤል ሜሮን ተራራ 45 ሰው የሞተው በጠባብ ተንሸራታች መተላለፊያ ላይ ነበር። በ2025 በኩምብ ሜላም በዋናው የመታጠቢያ ሌሊት ቢያንስ 30 ሰው አለቀ። በእነዚህ መረጋገጦች ሰው የሞተው በጾሙ ወይም በዳገቱ አይደለም። አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ሕዝብ ሲጨናነቅ ነው።

በእኛም አገር መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም ለንግሥ የመጣ ሕዝብ በቆመበት የግንባታ መወጣጫ እንጨት ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰው ሞቷል። እነዚያ ሰዎች ለመሳለም መጥተው ነበር። የሚጠበቅባቸው ድካም መንገዱና ጾሙ ብቻ ነው። መወጣጫው ይሸከማል ወይ ብሎ መፈተሽ የእነሱ ሥራ አልነበረም።

ወደፊት ሁለት ነገር ይጠበቃል። ሐጅ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ ከ2026 ጀምሮ ቀስ በቀስ ከዐረቢያ ከባድ የሙቀት ወራት ይወጣል። ይህ የመዘናጊያ ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ የወረፋውና የደላላው ችግር ግን ከወቅቱ ጋር አይሄድም። ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ቪአይፒ ጥቅል ጉዞ በሁሉም እምነት እየሰፋ ነው። ለአረጋዊና ለታማሚ መልካም ነው። ለጤነኛው ግን ከፍሎ የሚያስቀረው ነገር የመጣበትን ነገር ነው።

እኛ ጋ የጎደለው ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ስለ ግሸን፣ ስለ ላሊበላ፣ ስለ ቁልቢ "በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ" ሲባል እንሰማለን፤ በር ላይ የሚቆጥር ሰው ግን ብርቅ ነው። ስንት ሰው እንደሚመጣ ካልታወቀ ስንት ውኃ፣ ስንት መጸዳጃ፣ ስንት አምቡላንስ እንደሚያስፈልግ አይታወቅም። ግሸን መስቀል የሚመስል አምባ ነው፤ ዙሪያው ገደል ነው፤ መውጫው ጠባብ ነው። የሚወጣውና የሚወርደው በሰዓት ቢለያይ፣ ለበዓሉ የሚሠራ ማንኛውም መወጣጫ በባለሙያ ሳይፈተሽ ሰው ባይወጣበት፣ ዳገቱ ያው ዳገት ሆኖ ይቆያል። ይህን ለመሥራት ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የደብሩ አስተዳደር፣ ወረዳውና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከበዓሉ ወር ቀደም ብለው ቢቀመጡ የሚያልቅ ነው።